ሃያ አራት ቢት ወይስ ጸጥ ያለ ክፍል? ለቤት ውስጥ የሙዚቃ ቀረጻ የሚሆን ኦዲዮ ኢንተርፌስ አመራረጥ

ባለፈው ዓመት የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሊያበቃ ሲል አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ቢሯችን መጣ። የመጣው ስለ ፈተና ውጤቱ ለመጠየቅ አልነበረም። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ የሰማንያ ሦስት ዓመት አያት አሉት፤ ክራር ይደረድራሉ፣ በለሆሳስም ያዜማሉ። እስከ ዛሬ አንድም ዜማቸው አልተቀዳም፤ አዲስ አበባ ድረስ ተጉዘው ስቱዲዮ እንዳይገቡ ደግሞ ጉልበታቸው አይፈቅድም። በዋሽንግተን የምትኖር አክስቱ ለፋሲካ ልትመጣ ስለሆነ፣ "የምትፈልገውን ንገረኝና ላምጣልህ፤ ከሁለት መቶ ዶላር ግን እንዳያልፍ" ብላዋለች። ተማሪው የሚፈልገው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው፤ ብዙዎቻችን በልማድ "ሳውንድ ካርድ" የምንለው፣ ማይክሮፎንን ከኮምፒዩተር የሚያገናኘው ትንሽ ሣጥን ማለት ነው። በያዘው ወረቀት ላይ የአምስት ዕቃዎችን ስም ዘርዝሮ በየአንዳንዳቸው አንጻር "24 ቢት፣ 96"፣ "24 ቢት፣ 192" የሚሉ ቁጥሮችን አስፍሯል። "መምህር፣ ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ይሻላል አይደል?" ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ዕቃ "አልተስማማኝም" ተብሎ የሚመለስበት ሱቅ የለውም፤ የሰማንያ ሦስት ዓመት አዛውንትም ዕቃው እስኪለወጥ ድረስ ዓመት ይጠብቁ ማለት አይቻልም። ስለዚህ በአጭሩ "አይደለም" ብለን መለስንለት። ለምን እንዳልሆነ ማስረዳት ግን ወረቀትና እርሳስ ጠየቀ። ያን ዕለት የሠራነውን ስሌት ጥቂት አስፋፍተን ለመጽሔታችን አንባቢያን ማቅረቡን የመረጥነው፣ ብዙ ወጣቶች በዚሁ ጥያቄ እንደሚቸገሩ ስለምናውቅ ነው።

ከአየር እስከ ቁጥር

ድምፅ የአየር ግፊት መዋዠቅ ነው። ማይክሮፎን ይህንን መዋዠቅ ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይለውጠዋል፤ የሚሰጠው ቮልቴጅ ግን እጅግ አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለውንና በየመድረኩ የምናየውን የሹር ኩባንያ "ኤስ ኤም 58" ማይክሮፎን በምሳሌነት እንውሰድ። ዳይናሚክ የሚባለው ዓይነት ነው። በውስጡ ያለው ስስ ሽፋን በድምፁ ሲርገበገብ፣ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘ ጥቅልል ሽቦ በማግኔት መስክ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የፋራዴይ ሕግም ሥራውን ይሠራል። የድምፁ ግፊት 1 ፓስካል ሲሆን፣ ማለትም 94 ዴሲቤል በሚደርስ ኃይለኛ ድምፅ፣ ማይክሮፎኑ የሚያመነጨው 1.85 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ነው። አዛውንቱ ክራራቸውን ለስለስ አድርገው ሲደረድሩ ድምፁ ማይክሮፎኑ ዘንድ ሲደርስ 64 ዴሲቤል ነው ብለን ብንገምት፣ ከ94 በ30 ዴሲቤል ማነሱ ግፊቱ 32 ጊዜ ያህል ማነሱን ያመለክታል። በዚህ ጊዜ ከማይክሮፎኑ የምናገኘው 58 ማይክሮቮልት ገደማ ይሆናል።

ኢንተርፌሱ ይህችን ጥቂት ቮልቴጅ ተቀብሎ በመጀመሪያ በቅድመ ማጉያው ብዙ መቶ ጊዜ ያጎላታል። ቀጥሎ ቀያሪው በየሰከንዱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ለክቶ እያንዳንዱን ልኬት ቁጥር ያደርገዋል፤ ቁጥሮቹም በዩኤስቢ ገመድ ወደ ኮምፒዩተሩ ይሻገራሉ። በመልሱ ጉዞ ደግሞ ቁጥሮቹን ወደ ቮልቴጅ መልሶ ለጆሮ ማዳመጫ ያደርሳል። በሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፉት ቁጥሮች በሙሉ የሚናገሩት ስለ ሁለተኛው ሥራ፣ ስለ ቀያሪው ነው። ቀረጻው የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ነው።

የወርቅ ሚዛን በነፋስ መካከል

24 ቢት ማለት ቀያሪው ሙሉ ልኬቱን በ16,777,216 እርከኖች ይከፋፍለዋል ማለት ነው፤ ይኸውም 2 በራሱ 24 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። ባለ 16 ቢቱ ያለው 65,536 እርከን ብቻ ነው። ሁለቱ ርዝመታቸው እኩል የሆነ ማስመሪያዎች ናቸው እንበል፤ ልዩነታቸው በላያቸው በተሰመሩት መስመሮች ብዛት ላይ ነው። ሙሉ ልኬቱ 1 ቮልት ቢሆን፣ የባለ 24 ቢቱ አንድ እርከን 60 ናኖቮልት ያህል ነው። ይህ በእርግጥ የሚያስደንቅ ጥራት ነው። ነገር ግን እጅግ ረቂቅ የሆነ የወርቅ ሚዛን በነፋስ መካከል ቢቀመጥ፣ መርፌው የሚያሳየን የወርቁን ክብደት ነው ወይስ የነፋሱን ግፊት?

በቀረጻ ዓለም ነፋሱ ማን እንደሆነ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1928 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠሩ የነበሩት ጆን ጆንሰንና ሃሪ ናይኩዊስት ሁለት ጽሑፎችን አሳተሙ። (ሁለቱም በስዊድን ተወልደው ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ነበሩ።) ጆንሰን በሙከራ ያሳየው፣ ናይኩዊስትም በስሌት ያስረዳው ነገር ይህ ነው፦ ማንኛውም ሬዚስተር ምንም ኮረንቲ ባይተላለፍበትም በጫፎቹ መካከል የሚዋዥቅ ቮልቴጅ ይገኛል። ምክንያቱም በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች በሙቀት የተነሣ ዕረፍት የላቸውም። የዚህ ቮልቴጅ ካሬ አማካይ ከ4፣ ከቦልትዝማን ቋሚ፣ በኬልቪን ከተለካው ሙቀት፣ ከሬዚስታንሱና ከሚለካው የድግግሞሽ ስፋት ብዜት ጋር እኩል ነው። ማይክሮፎኑን እንደ 150 ኦም ሬዚስተር ቆጥረን፣ ሙቀቱን 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ስፋቱንም የሰው ጆሮ የሚሰማውን 20 ኪሎ ኸርትዝ አድርገን ስናሰላው 0.22 ማይክሮቮልት እናገኛለን። አንባቢው ራሱ አባዝቶ ያረጋግጥ፤ የቦልትዝማን ቋሚ 1.38 ሲባዛ በ10 ከኔጌቲቭ 23 ከፍታ ጋር ነው።

ሳንፈልገው ከዜማው ጋር አብሮ የሚቀዳውን ነገር ሁሉ በዚህ ጽሑፍ "ሁካታ" እንበለው። 0.22 ማይክሮቮልት የተፈጥሮ ሁካታ ነው፤ ማንም መሐንዲስ፣ በየትኛውም ዋጋ፣ ማይክሮፎኑን እንዳለ ትቶ ሊያጠፋው አይችልም። አሁን ቅድመ ማጉያው ይህንኑ በ56 ዴሲቤል፣ ማለትም 630 ጊዜ ያህል ያጉላው። ውጤቱ 139 ማይክሮቮልት ይሆናል። ይህም ከባለ 24 ቢቱ እርከኖች ከ2,000 በላይ የሚሆኑትን ይሸፍናል። 2 በራሱ 11 ጊዜ ሲባዛ 2,048 ስለሆነ፣ ከ24ቱ ቢቶች የመጨረሻዎቹ 11 የሚቆጥሩት የክራሩን ድምፅ ሳይሆን የኤሌክትሮኖችን ጭፈራ ነው። በግምት 13 ቢት ቀረን ማለት ነው!

ይህን ስንል 24 ቢት ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ቀያሪው ከሙሉ ልኬቱ በላይ የሚመጣ ድምፅ ሲያጋጥመው ጫፉን ቆርጦ ይጥለዋል፤ የተቆረጠውን ደግሞ መልሶ የሚቀጥል መሣሪያ የለም። ባለ 24 ቢቱ ከታች ብዙ ትርፍ ስላለው፣ ቀጂው ያለ ስስት ከላይ 12 ወይም 18 ዴሲቤል ባዶ ቦታ ትቶ መቅዳት ይችላል፤ አዛውንቱ በድንገት ቢያቅራሩም ቀረጻው አይቆረጥም። በዛሬው ጊዜ ግን ስመ ጥር አምራቾች የሚያወጧቸው ኢንተርፌሶች ርካሾቹም ጭምር ከጥቂቶች በስተቀር 24 ቢት ናቸው። ሁሉም ዘንድ ያለ ነገር ለመምረጫ መለኪያ ሊሆን አይችልም።

መመልከት ያለብን ቁጥር

እንግዲህ በሣጥኑ ላይ በትልቁ ያልተጻፈ፣ ነገር ግን በመመሪያው የመጨረሻ ገጾች ተደብቆ የሚገኝ አንድ ቁጥር አለ። ይኸውም የቅድመ ማጉያው ሁካታ ወደ መግቢያው ተመልሶ ሲሰላ ስንት ነው የሚለው ነው። በዲቢዩ ይጻፋል፤ ዜሮ ዲቢዩ ማለት 0.775 ቮልት ሲሆን ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን መሣሪያው ጸጥተኛ ነው። ቀደም ብለን ያሰላነው የተፈጥሮ ወለል በዚህ መለኪያ ከዜሮ በታች 131 ዲቢዩ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የፎከስራይት ስካርሌት "2አይ2" ሦስተኛ ትውልድ አምራቹ የሰጠው ቁጥር ከዜሮ በታች 128 ነው፤ የሞቱ ኩባንያ "ኤም 2" ደግሞ ከዜሮ በታች 129። ሁለቱም በአሜሪካ ገበያ በሁለት መቶ ዶላር አካባቢ ይሸጡ የነበሩ ዕቃዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አምራቾች ብዙውን ጊዜ ይህን ቁጥር የሚለኩት "ኤ" በሚባል ማጣሪያ አሳልፈው ነው፤ ማጣሪያው የሰው ጆሮ ብዙም የማይሰማቸውን ድግግሞሾች ስለሚቀንስ ቁጥሩን 2 ዴሲቤል ያህል ያሳምረዋል። ስለዚህ እውነተኛው ርቀት ከተፈጥሮ ወለል 5 ዴሲቤል ገደማ ነው ብንል ይሻላል። ቢሆንም ነገሩ የሚያስገርም ነው። ሁለት ሺህ ዶላር የሚያወጣ መሣሪያ ቢገዛ እንኳ በዚህ ረገድ ሊያሻሽል የሚችለው ከእነዚህ ጥቂት ዴሲቤሎች አይበልጥም። ርካሹ ዕቃ ከተፈጥሮ ሕግ ደጃፍ ደርሶ ቆሟል!

ይህ ሲባል ሁሉም ርካሽ ዕቃ አንድ ነው ማለት አይደለም። ይህን ቁጥር ጨርሶ የማይገልጽ አምራች ካጋጠመን ዕቃውን ብንተወው ይሻላል፤ መናገር የማያኮራው ነገር ቢኖረው ነው። ከዜሮ በታች 125 ወይም ከዚያ የተሻለ ከሆነ ግን ልባችን ሊያርፍ ይገባል። ለምን እንደሆነ የሚከተለው ስሌት ያሳየናል።

በሌሊት ጸጥ ያለ መኖሪያ ክፍል እንኳ ወደ 30 ዴሲቤል የሚጠጋ ድምፅ አለው። 30 ዴሲቤል 0.63 ሚሊፓስካል ነው፤ ይህም በማይክሮፎናችን ላይ 1.17 ማይክሮቮልት ይሆናል። ከዜሮ በታች 128 ዲቢዩ ወደ ቮልቴጅ ሲለወጥ 0.31 ማይክሮቮልት ነው። እንግዲህ ጸጥተኛ የተባለው ክፍል ከርካሹ ኢንተርፌስ አራት ጊዜ ያህል የበለጠ ሁካታ ያመጣል ማለት ነው። ቤቱ ከመንገድ ዳር ሆኖ ድምፁ ወደ 40 ዴሲቤል ከፍ ቢል ደግሞ 12 ጊዜ። ድምፅን በተሻለ ንቃት የሚቀበለው ኮንደንሰር ማይክሮፎን በ1 ፓስካል ከ10 እስከ 20 ሚሊቮልት ስለሚሰጥ፣ በእርሱ ከተቀዳ የቅድመ ማጉያው ሁካታ ከነጭራሹ ይረሳል፤ ነገር ግን የክፍሉም ድምፅ ከዜማው ጋር እኩል አብሮ ያድጋል። ከኮንደንሰር ማይክሮፎን ጸጥታ አይገኝም።

እኛም ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በነበርንበት ጊዜ ከኪራይ ተርፎ የተጠራቀመ ገንዘባችንን አውጥተን፣ በጊዜው ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ኢንተርፌስ ገዝተን ነበር። በአስደናቂ ጥራት የቀዳነውም የማቀዝቀዣችንን ጉርምርምታ ሆኖ አገኘነው። ያን ጊዜ ይህን ስሌት ለመሥራት አንድ ምሽት ብናውል ኖሮ ገንዘባችን ይተርፍ ነበር፤ ፊዚክስ እያጠኑ ፊዚክስን መርሳት የሚቻል መሆኑን ያየነው በዚያ ነው።

በነጻ የሚገኝ አሥራ ሁለት ዴሲቤል

ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ በግማሽ በተቀነሰ ቁጥር ግፊቱ በእጥፍ ይጨምራል፤ ማለትም 6 ዴሲቤል ይጎላል። ማይክሮፎኑን ከ50 ሴንቲ ሜትር ወደ 25፣ ከዚያም ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብናስጠጋው 12 ዴሲቤል እናገኛለን። የክፍሉ ሁካታ ግን ባለበት ይቆያል። ይህን ያህል መሻሻል በምንም ዋጋ ከኢንተርፌስ ሊገኝ አይችልም። ክራር እንደ ነጥብ የሚታይ ትንሽ ነገር ስላልሆነ ስሌቱ በጣም በቀረበ ጊዜ ፍጹም ትክክል አይሆንም፤ ከመጠን በላይ ከተጠጋም የአንዱ ክር ድምፅ ከሌላው ሊገን ይችላል። አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ላይ ጀምሮ በጆሮ እየሰሙ ማስተካከሉ ይበጃል።

ግድግዳ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ መስቀልም የተለመደ ዘዴ ነው። ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ግን መለየት ያስፈልጋል። ብርድ ልብስ በክፍሉ ውስጥ የሚንጸባረቀውን ቀጭን ድምፅ ይውጣል፤ ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ ግን አይከለክልም። የ1,000 ኸርትዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 34 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የ100 ኸርትዙ 3.4 ሜትር። ለዚህ ለኋለኛው የአንድ ጣት ውፍረት የሌለው ጨርቅ እንዳልነበረ ነው። ጨርቁን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቆ መስቀል ጥቂት ይረዳል። በበልግ ዝናብ ጊዜ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለመቅዳት ለሚሞክር ግን ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ እንጂ ሌላ መፍትሔ የለም።

ስለ 192 ኪሎ ኸርትዝ

ሁለተኛው የማስታወቂያ ቁጥር በሰከንድ የሚወሰደው የናሙና ብዛት ነው። በናይኩዊስት ስም የሚጠራውና ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ ያረጋገጠው ቲዎሬም እንደሚያስረዳው፣ ከፍተኛ ድግግሞሹ የታወቀ ድምፅ ከዚያ ድግግሞሽ እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ናሙና ከተወሰደለት ያለ ምንም ጉድለት ሊመለስ ይችላል። "ያለ ምንም ጉድለት" የሚለው ይሰመርበት፤ በናሙናዎቹ መካከል የጠፋ ነገር የለም። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎ ኸርትዝ በላይ አይሰማም፤ በአርባዎቹ ዕድሜ የምንገኘው ደግሞ 15ቱንም ስለ መስማታችን እንጠራጠራለን። በመሆኑም 48 ኪሎ ኸርትዝ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የሚጨምረው የፋይሉን መጠን ነው፤ ባለ 24 ቢት የአንድ ደቂቃ ቀረጻ በ48 ኪሎ ኸርትዝ 8.64 ሜጋባይት ሲይዝ በ192 ግን 34.56 ይይዛል። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ይህን ሳንነግረውም ይረዳዋል።

ታዲያ በምን እንምረጥ?

ለተማሪያችን በመጀመሪያ ያልነው "መግቢያዎቹን ቁጠር" ነበር። አያቱ ክራር እየደረደሩ ስለሚያዜሙ ሁለት ማይክሮፎኖች ያስፈልጋሉ። ከርካሾቹ ኢንተርፌሶች መካከል ግን "ባለ ሁለት መግቢያ" ተብለው የሚሸጡ፣ አንዱ ብቻ ለማይክሮፎን የሆነና ሌላው ለጊታር የተሠራ ብዙ አሉ። በወረቀቱ ላይ ከነበሩት አምስት ዕቃዎች ሁለቱ በዚህ ምክንያት ተሰረዙ፤ አንደኛው ባለ 192ቱ ነበር።

ቀጥሎ የማጉላት አቅሙ ይታያል። ለለሆሳስ ዜማና ለዳይናሚክ ማይክሮፎን ከ55 ዴሲቤል በታች የሚያጎላ ኢንተርፌስ ያስቸግራል። ሦስተኛው ትውልድ ስካርሌት 56 ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አራተኛው ትውልድ "2አይ2" ወደ 69 ከፍ አድርጎታል። በእኛ አስተያየት ይህ ከማንኛውም የቢት ቁጥር ይልቅ ለገዢው የሚጠቅም ለውጥ ነው። ኮንደንሰር ማይክሮፎን የሚጠቀም ሰው ደግሞ "ፋንተም ፓወር" የሚባለው የ48 ቮልት አቅርቦት መኖሩን ያረጋግጥ፤ ያለ እርሱ ማይክሮፎኑ ዝም ይላል።

ክራሩ ላይ የምትለጠፍ የፒየዞ መቀበያ ለመጠቀም ለሚያስብ ለመሣሪያ የተዘጋጀ፣ የመግቢያ ሬዚስታንሱ 1 ሜጋ ኦም ያህል የሆነ መግቢያ ግድ ነው። ፒየዞ በባሕርይው ካፓሲተር ነው። አቅሙ 20 ናኖፋራድ የሆነ ፒየዞ 10 ኪሎ ኦም ባለው ተራ መግቢያ ላይ ቢሰካ ከ800 ኸርትዝ በታች ያለው ድምፅ እየደከመ ይሄዳል፤ ክራሩም እንደ ቆርቆሮ ይንጣጣል። በ1 ሜጋ ኦም ግን ይህ ድንበር ወደ 8 ኸርትዝ ይወርዳል።

ኃይሉን ከዩኤስቢ ገመዱ የሚወስድ ኢንተርፌስ ለአገራችን ሁኔታ ተመራጭ ነው። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው እስከሠራ ድረስ ቀረጻው አይቋረጥም። ሌላም ጥቅም አለው። ከላፕቶፑ ቻርጀር ጋር የተያያዘ የመሬት መስመር ችግር ሲኖር በቀረጻው ውስጥ የ50 ኸርትዝና የብዜቶቹ ጉርምርምታ ይገባል፤ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መቅዳት ብዙ ጊዜ ይህን በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል። ማይክሮፎኑን በባለ ሦስት እግሩ ኤክስ ኤል አር ገመድ ማገናኘትም አስፈላጊ ነው። በዚህ ገመድ ውስጥ ድምፁ በሁለት ሽቦዎች ላይ በተቃራኒ ምልክት ይጓዛል፤ ከውጭ የሚገባው ሁካታ ግን ሁለቱን እኩል ይነካል። ማጉያው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚወስድ ሁካታው ተቀናንሶ ይቀራል።

ስለ መዘግየትም ጥቂት እንበል። ተማሪው በኋላ የራሱን ድምፅ በአያቱ ክራር ላይ ለመጨመር ያስባል። ኮምፒዩተሩ ድምፁን በ256 ናሙና እየቋጠረ ቢቀበልና በዚያው መጠን ቢመልስ፣ በ48 ኪሎ ኸርትዝ አንዱ ቋጠሮ 5.3 ሚሊሰከንድ ስለሚሆን የደርሶ መልሱ ጉዞ 10.7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ቀያሪዎቹ የሚጨምሩት ጥቂት ሳይቆጠር ነው። ይህ ከ3.5 ሜትር በላይ ርቆ የቆመን አጃቢ እንደ መስማት ነው። (በደብረ ብርሃን ከፍታ የድምፅ ፍጥነት ይለያል ወይ የሚል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። በአየር ውስጥ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ የአየሩ ግፊት አይደለም፤ በ20 ዲግሪ 343 ሜትር በሰከንድ የሆነው በ10 ዲግሪ 337 ይሆናል። ስለዚህ ቢዘገይም በብርዱ እንጂ በከፍታው አይደለም።) ዘፋኙ ድምፁን ከኮምፒዩተሩ ሳይጠብቅ በቀጥታ ከኢንተርፌሱ እንዲሰማ የሚያደርግ ማብሪያ ያለው ዕቃ ከተመረጠ ችግሩ ይወገዳል።

በመጨረሻ ተማሪው ሁለት የማይክሮፎን መግቢያ ያለው፣ የሁካታ ቁጥሩን የገለጸ፣ በወረቀቱ ላይ በዋጋው ከታች ሁለተኛ የነበረውን ኢንተርፌስ መረጠ። ከሁለት መቶው ዶላር የተረፈው ለአንድ ዳይናሚክ ማይክሮፎንና ጆሮን ለሚሸፍን ማዳመጫ ዋለ፤ ሁለተኛውን ማይክሮፎን ከጓደኛው ተዋሰ።

ዕቃው በእጁ እንደገባ አንድ ሙከራ እንዲያደርግ አዘዝነው፤ አንባቢያንም ሊሞክሩት ይችላሉ። ባለ 150 ኦም ሬዚስተር በኤክስ ኤል አር ሶኬት ሁለተኛና ሦስተኛ እግሮች መካከል ይበየዳል። ፋንተም ፓወሩ ጠፍቶ፣ ማጉያው ለቀረጻ በሚሆነው መጠን ተስተካክሎ፣ ሬዚስተሩን ብቻ ሰክቶ ሠላሳ ሰከንድ መቅዳት ነው። ቀጥሎ ማጉያውን ሳይነኩ ማይክሮፎኑን ሰክቶ፣ ማንም ሳይናገር ሌላ ሠላሳ ሰከንድ ይቀዳል። የሁለቱ አማካይ መጠን በሶፍትዌሩ ላይ ይነጻጸራል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በብዙ ከበለጠ የሚሻሻለው ክፍሉ ነው፤ እኩል ከሆኑ ኢንተርፌሱ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ተማሪው ውጤቱን ይዞ መጣ። በአያቱ ቤት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ልዩነቱ 11 ዴሲቤል ነበር፤ ስሌታችን 12 ያህል ብሎ ነበር። ከዚያ ዜማዎቹን አሰማን። በሦስተኛው ዜማ መካከል ከሩቅ አንድ ውሻ ይጮኻል። ተማሪው ያን ክፍል ቆርጦ ሊያወጣው አስቦ ነበር፤ አያቱ ግን "ተወው፣ የቤታችን ውሻ ነው" ብለው ከለከሉት።